ሙሽሪት ከመንትዮቹ ጋር

አቶ አብዱልናስር ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አመልካች ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀስረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ልጃቸው ሀውላም አብራ ትንፋሿን ዋጠች። ሄድፎኑ ያለው እሳቸው ጆሮ ላይ ስለሆነ እሷ ምንም አትሰማም፤ ግን እሳቸው እንዲያ ሲሆኑ አለመከተል አይቻልም።

«ወደቀች» አሉ፣ ጣታቸውን ወደ መሬት እየሰደዱ። «ማንኪያዋ ወደቀች። ነጠረች። ደግማ ነጠረች። ከዚያ አንዷ ሴትዮ በእግሯ ወደ ጥግ ገፋቻት። ሀውልዬ፣ በእግሯ እኮ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቺን አልሰማሁም።»

ማንኪያዋ የወደቀችው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ እዚሁ የካ፣ በአንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ። አቶ አብዱልናስር ራሳቸው በቀዱት ካሴት ላይ ስሙን ማንም የማያስታውሰው አንድ ክራር ደርዳሪ ይጫወታል፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሰው ማንኪያ ይጥላል። ሌላው ሰው ክራሩን ይሰማል፣ እሳቸው ማንኪያዋን ይሰማሉ። ማንኪያዋ ጥርት ብላ ግን ጆሮ ሳትወጋ ከወደቀች መሣሪያው ጥሩ ነው፤ አለዚያ አይደለም። የእሳቸው ሚዛን ይኸው ነው።

ሰውዬው ሾላ ገበያ ጥግ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሬዲዮ ጠግነዋል። ደንበኛው ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ ሳያሳርፍ ሕመሙን በድምፁ ብቻ ይነግሩት ነበር ይባላል፤ የሚባለውም እውነት ነው፣ ሀውላ በልጅነቷ በዓይኗ ያየችው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግን የሱቃቸው ረድፍ ለአዲስ ሕንፃ ተነሣ። ዕቃቸውን በሁለት ጋሪ ጭነው ዳገቱ ላይ ወዳለው ቤታቸው አስገቡና ተቀመጡ። መቀመጥ ሲባል የእውነት መቀመጥ ነው፤ ጠዋት በረንዳ፣ ከሰዓት ሳሎን፣ ማታ እዚያው ሳሎን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐቢባ «ይህ ሰው ከሶፋው ጋር ሊሰፋ ነው» እስኪሉ ድረስ። እንዴት ነዎት ያላቸውን ሁሉ «እኔ እንኳ ጊዜዬ ያለፈ ሰው ነኝ» ብለው ይመልሱታል። 

ታዲያ አንድ ቀን፣ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ካለው ክሊኒክ ከላብራቶሪ ሥራዋ ተመልሳ፣ ስልኳን አፍንጫቸው ሥር ደቀነችው። ከዓለም ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች ለሄድፎን በሚሠራ አምፕሊፋየር ላይ ቫልቭ እየቀያየሩ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር ቢሰካ ድምፁ እንደሚያምር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ቫልቭ ያቺ የድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የምትበራ፣ ትንሽ አምፖል የምትመስል የመስታወት ዕቃ ናት።

«አባዬ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚፈልጉት አንተ አልጋ ሥር የደበቅከውን የቫልቭ ሳጥን ነው» አለቻቸው።

«ሥራ የፈቱ ናቸው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። በአራተኛው ቀን ከአልጋው ሥር ሳጥኑ ሲጎተት ተሰማ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ በጣውላ ላይ የተገጠመ አምፕሊፋየር ተወለደ። ሦስት ቫልቭ ይወስዳል፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት። የፊቷ ከቴፑ የመጣውን ደካማ ድምፅ ታሳድጋለች፣ የኋላዎቹ ተቀብለው ሄድፎኑን ይነዳሉ። አቶ አብዱልናስር በሳጥኑ ያሉትን ሁሉ ፈትሸው ለፊት ሁለት ዕጩ፣ ለኋላ ሁለት ጥንድ ዕጩ አስቀሩ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ስም አወጡላቸው። የፊቶቹ ሙሽሪትና ሻለቃው ተባሉ፤ አንዷ ቀጭንና አንጸባራቂ ስለሆነች፣ አንዱ ደግሞ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ። የኋላዎቹ አንዱ ጥንድ መንትዮቹ፣ ሌላው አኩራፊዎቹ። አኩራፊዎቹ ለመሞቅ ጊዜ ስለሚፈጁ ነው። እንግዲህ አራት ጥምረት ይወጣል፤ የቀረው ከአራቱ አንዱን አንግሦ በዚያው መጽናት ነው።

ቤቱ በአንዴ ተለወጠ። ሰውዬው ጠዋት እያፏጩ ይነሣሉ፤ ሻይ ሳይጨርሱ ወደ ጣውላቸው ይሮጣሉ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር የመጣውን ሰው፣ የውኃ ቆጣሪ አንባቢውን ሳይቀር፣ ሄድፎን ያጠልቁለትና «ማንኪያዋን ጠብቅ» ይሉታል። የቤቱን ኤሌክትሪክ የሚያረጋጋው ስታብላይዘር ያንጎራጉራል ብለው ነቅለው አልጋ ሥር ወረወሩት። የሳሎኑን ቢጫ አምፖል እንኳ «ይህም ሙቀቱ ይረብሸኛል» ብለው በነጭ ኤልኢዲ ቀየሩት። ወይዘሮ ሐቢባ ሶፋቸውን መልሰው አገኙ።

ሀውላ ግን ለማንም ያልነገረችው አንድ ጉድ ነበራት። በአራቱ ጥምረቶች መካከል ምንም ልዩነት አይሰማትም። ምንም። ሄድፎኑን ታጠልቃለች፣ ክራሩ ይጫወታል፣ ማንኪያ የሚባል ነገር ከድንኳኑ ጫጫታ መካከል አንዴ ቀጭ ይላል፣ አለቀ። አባቷ ግን ዓይናቸውን አፍጥጠው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ራሷን ትነቀንቃለች፤ «እንዴት ያምራል» ትላለች፤ አንዳንዴም ለመልክ ያህል ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ውሸት መሆኑን ታውቃለች፣ ደስታቸውን ስታይ ደግሞ ከነውሸቷ በደስታ ትሰክራለች።

ፈተናውን ያመጣችውም እሷ ናት፤ የላብራቶሪ ሰው መቼም አያርፍም። «አባዬ፣ እኛ ጋ የማንን ደም እንደምንመረምር ሳናውቅ፣ ስሙን ሳናይ ነው የምንሠራው። አንተም የትኛው እንደተሰካ ሳታውቅ ብትሰማ ማንም አፉን አይከፍትብህም።»

«ሸፍኚልኝ» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ከፈለግሽ እኔንም ሸፍኚኝ።»

አንድ ሕግ ብቻ አስቀመጡ። በቀን ከአንድ ጥምረት በላይ አይሰማም። ሾላ ሳሉም እንዲሁ ነበሩ፤ ቫልቭ ከተሰካ በኋላ እንደ እንግዳ ይቀመጥ፣ ይሙቀው፣ ይላመድ፣ ከዚያ ነው የሚናገረው ባይ ናቸው። ሀውላ በየቀኑ ዕጣ ታወጣለች፣ የወጣውን ጥምረት ትሰካለች፣ አናቱ በተቀደደ የጫማ ካርቶን ትከልለዋለች፤ እሳቸው ሰምተው ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ፤ እሷ ቀኑን፣ ጥምረቱንና ነጥቡን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አራቱ ጥምረት እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ቀን።

ጥቅምት 10 ተጀመረ። የዚያን ቀን ነው ማንኪያዋ የነጠረችው፣ ሴትዮዋም በእግሯ የገፋቻት። ዘጠኝ ሰጡ። ካርቶኑ ሥር የነበሩት ሙሽሪት ከመንትዮቹ ጋር ነበሩ። ሀውላ ልቧ ጮቤ ረገጠ፤ አባቷ ሳያዩ የሚወዱትን መርጠዋል። ከዚያ እሑድ አለፈ፤ ጥቅምት 12 ሌላ ጥምረት ወጣና «ይሄ ጆሮዬን በምላጭ ላጨኝ» ብለው ሁለት ሰጡት። በ13 «ቅቤዋ የበዛ ናት» ብለው ስምንት። በ14 እንዲሁ፣ በ15 እንዲሁ። በ16 ሙሽሪትና መንትዮቹ ተመልሰው ወጡ፤ አሁንም ዘጠኝ። ሰውዬው ተነሥተው ወይዘሮ ሐቢባን ከእነ ሽንኩርት መክተፊያቸው አቅፈው አሽከረከሯቸው። «ይሄ ሰው ምን ነካው» አሉ ወይዘሮ ሐቢባ፣ ፊታቸው ግን እንደ ልጃገረድ ፈክቷል።

የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 23 ነበር። የቀረው ዕጣ አንድ ስለሆነ ሀውላ እየሳቀች ነበር የሰካችው፤ ሙሽሪት ከመንትዮቹ ጋር፣ ለሦስተኛ ጊዜ። አቶ አብዱልናስር ሄድፎኑን አጠለቁ። ጣታቸውን ቀሰሩ። ጣቱ ሳይወርድ ፊታቸው ተጨማደደ።

«ይህን ንቀይው» አሉ። «ሁለት። ለሁለትም አይበቃ። ማንኪያ ነው ወይስ ሚስማር የወደቀው?»

ሀውላ እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቀረ። ጸጥታዋን ሰሙት፤ እሳቸው የማይሰሙት ነገር የለም። ካርቶኑን ራሳቸው አነሡት። ሙሽሪትን አዩ። መንትዮቹን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ደብተሩን ተቀበሉና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

ደብተሩ ምሕረት አልነበረውም። እያንዳንዱን ጥምረት ሁለት ጊዜ ሰማይ ሰቅለውት፣ አንድ ጊዜ አፈር አብልተውታል። ያወደሱትን አውግዘዋል፣ ያወገዙትን አወድሰዋል፤ ለአንዱም የቆመ ፍርድ የላቸውም።

«አየሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጆሮዬ ሞቷል። እኔ ሳላውቅ ቆይቷል እንጂ ሞቷል።»

«አባዬ፣ ምናልባት ቫልቮቹ ናቸው።»

«ቫልቮቹ ደህና ናቸው። አንቺም ስትሰሚያቸው ሰንብተሽ የለ?»

ልዩነት ተሰምቷት የማታውቅ ሀውላ ምን ብላ ትመስክር። ሰውዬው ሄድፎኑን በጥንቃቄ ጠቀለሉት፣ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ነቅለው በጋዜጣ ሸፈኗቸው፣ ሳጥኑን ከደኑና ሶፋቸው ላይ ሄደው ተቀመጡ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ሀውላ የምትሠራው እስከ እኩለ ቀን ነው። ከመገናኛ የተሳፈረችበት ታክሲ ዳገቱ ሥር ሲያወርዳት እናቷ ደወሉ። «ስትመጪ ከእትዬ ብዙነሽ ወፍጮ በርበሬውን ይዘሽልኝ ነይ። አባትሽ ደግሞ ዛሬ ምሳም አልበላ።»

የእትዬ ብዙነሽ ወፍጮ ቤት ከእነ ሀውላ ቤት ሦስት አጥር ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሲጮኽ የኖረ ወፍጮ ስለሆነ ሰፈሩ አይሰማውም፤ ሰው የገዛ ልቡን ምት እንደማይሰማው ማለት ነው። ሀውላ በርበሬ እያስነጠሳት ተራዋን ስትጠብቅ ዓይኗ በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አረፈ። ወረቀቱ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ አለ፤ አንብባው ግን አታውቅም፤ የክርስቲያን በዓል ስለሆነ እሷን አይመለከታትም።

«በ7፣ በ12፣ በ19፣ በ21፣ በ23፣ በ27፣ በ29 እና እሑድ ወፍጮ የለም» ይላል።

አሥራ ሁለት። አሥራ ዘጠኝ። ሀውላ መጀመሪያ ለምን እንደደነገጠች ራሷም አላወቀችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ደብተሩን አወጣች፣ ዱቄት የለበሰው ወረቀት ላይ አስጠጋችው። ጥቅምት 12፣ ሁለት ነጥብ። ጥቅምት 19፣ ሦስት። 21፣ ሁለት። ትናንት፣ 23፣ ሁለት። የቀሩት ስምንት ቀናት ሁሉ ስምንትና ዘጠኝ።

«እትዬ ብዙነሽ» አለች፣ «ትናንት ወፍጮው ቆሞ ነበር?»

«በስመ አብ፣ ትናንት እኮ ጊዮርጊስ ነው። በጊዮርጊስ ልፍጭ እንዴ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ ነጭ ቅንድባቸውን ሰቅለው። ነጭ ያደረገው ዱቄት ነው።

«በ21ስ?»

«ማርያም ናት። ምነው ልጄ፣ ልትጠመቂ ነው?»

ሀውላ ሳቋ አመለጣት። በርበሬውን አቅፋ ቁልቁል በረረች፤ ሥራ የምትሄድበት ጫማ ለሩጫ እንዳልተሠራ ያን ጊዜ አላስታወሰችም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሶፋው ላይ ናቸው። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ጣውላው የለም፣ ሳጥኑም የለም። ወለሉ መሐል አንድ አዲስ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀምጧል።

«ያ አሮጌ ዕቃ በሳፋ የሚለውጠው ልዋጭ አለፈ» አሉ ወይዘሮ ሐቢባ፣ ወደ ባላቸው በአገጫቸው እያመለከቱ። «ከነጣውላው አንሥቶ ሰጠው። ተው ብለው እምቢ አለ። ይኸው ሳፋ።»

«ልብስ ይታጠብበታል» አሉ አቶ አብዱልናስር። «ከእኔ ይሻላል።»

«አባዬ፣ ጆሮህ አልሞተም። ሚካኤል ነው። ገብርኤል ነው። ማርያምና ጊዮርጊስ ናቸው።»

ባልና ሚስት ተያዩ። «እኛ ከእነሱ ጋር ምን አለን?» አሉ አቶ አብዱልናስር።

ደብተሩን ጭናቸው ላይ ዘረጋችላቸው። «እነዚህን ቀናት እያቸው። እትዬ ብዙነሽ በእነዚህ ቀናት አይፈጩም። አንተ የረገምከው ወፍጮው በቆመበት ቀን ነው፤ ያመሰገንከው በሚዞርበት ቀን ነው። ቫልቩ ማንም ይሁን ማን።»

አቶ አብዱልናስር ደብተሩን አዩ። ኮርኒሱን አዩ። እዚያ የተሰቀለውን ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ለረጅም ጊዜ አዩት። ድሮ ቢጫው አምፖል ሳለ ወፍጮው ሲነሣ መብራቱ ደክሞ ቅላት ይይዝ እንደነበር ትዝ አላቸው፤ ይህኛው ቢሞትም አይፈዝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ አልጋው ሥር ሄደ።

«ስታብላይዘሩ» አሉ። በመዳፋቸው ግንባራቸውን ጠፍ አደረጉት። «በገዛ እጄ ነቅዬ። ወፍጮው ሲዞር መስመሩን ይጠጣዋል፣ ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል፣ ቫልቮቼ በለሰስታ ይሠራሉ፣ ድምፃቸው ይለዝባል። ወፍጮው ሲቆም ኤሌክትሪኩ ሞልቶ ይመጣና ይጮኹብኛል። እኔ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስሰማ የሰነበትኩት ቫልቭ አይደለም፣ ብዙነሽን ነው።»

ቀጥለው ያደረጉትን የካ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሰውዬው ሳፋውን ብድግ አድርገው፣ በአንድ እግራቸው የራሳቸውን በአንድ እግራቸው የሚስታቸውን ነጠላ ጫማ አድርገው፣ በሩን በርግደው ወጡ። «ልዋጭ!» እያሉ ቁልቁል ወደ ሾላ ሮጡ። ሀውላ ከኋላ ትከተላለች፣ በርበሬውን የት እንደምታስቀምጠው ስላላወቀች እንዳቀፈችው ናት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ አረንጓዴ ሳፋ ይዞ «ልዋጭ» እያለ የሚሮጥ ሰው በሰፈራችን ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚሮጠው። በሮች መከፈት ጀመሩ። አንዷ ሴት ያረጀ የባሏን ኮት አወጣች። ሌላዋ የተቀደደ ጫማ ይዛ ብቅ አለች። «አቶ አብዱልናስር፣ ሥራ ጀመሩ እንዴ? ለዚህች ሹራብ ሳፋውን ይሰጡኛል?» የሚል ድምፅ ከአጥር ወዲያ መጣ። «የለም፣ እኔ ራሴ ልለዋወጥ ነው» አሉ ሳይቆሙ። ሀውላ ከሳቋ ብዛት ወገቧን ይዛ አንዴ መቆም ግድ ሆነባት።

ልዋጩን ሾላ ታክሲ ማዞሪያው ጋ አገኙት። ኤቢሳ የሚባል ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ ማዳበሪያውን አስደግፎ፣ ከሳጥኑ አንዷን ቫልቭ አውጥቶ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያያታል። ሙሽሪት ናት።

«ልጄ» አሉ አቶ አብዱልናስር፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «በአላህ ይሁንብህ። ሳፋህን ውሰድ፣ ሳጥኔንና ጣውላዬን መልስ።»

ኤቢሳ ሳፋውን አየ፣ የማይገጥመውን ነጠላ ጫማ አየ፣ በርበሬ ያቀፈችውን ሀውላን አየ። «ጋሼ፣ እኔም መስታወት ተሸክሞ ዳገት መውጣት ጨንቆኝ ነበር» አለና ሙሽሪትን በሁለት እጁ አቀበላቸው። «ምንድን ናት ግን?»

«አንድ ቀን ማንኪያ አሰማሃለሁ» አሉት።

ቤት ተመልሰው ሁሉንም ሰካኩ፤ ሙሽሪት ከፊት፣ መንትዮቹ ከኋላ። ስታብላይዘሩ ገና አልጋ ሥር ነው፤ ሀውላ እንዲወጣ አልፈቀደችም። እትዬ ብዙነሽ ጋ ደውላ ወፍጮውን ደስ ባላቸው ሰዓት እንዲያቆሙና እንዲያስነሡ ለመነቻቸው። መስኮቱን ዘጋች። አባቷን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠቻቸው፣ ሄድፎኑን አጠለቀችላቸው፣ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚያሳየውን ቴስተር ከጀርባቸው ይዛ ቆመች። ወይዘሮ ሐቢባ ከነማማሰያቸው በሩ ላይ ቆሙ።

ቴስተሩ 190 ይላል። ክራሩ ይጫወታል። ድንገት ቁጥሩ ሽቅብ ወደ 224 ዘለለ፤ በዚያችው ቅጽበት የአቶ አብዱልናስር ቀኝ እጅ ተነሣ። ቁጥሩ ወደቀ፣ እጁም ወረደ። ተነሣ፣ ተነሣ። ወደቀ፣ ወረደ። አምስቴ ሆነ፤ አንዴም አልሳቱም። ወይዘሮ ሐቢባ ማማሰያቸውን እንደ ያዙ እንባቸው መጣ። ሀውላም ምንም አልደበቀችም፤ እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች።

ስድስተኛው ላይ ግን ቁጥሩ ሳይነቃነቅ እጃቸው ተነሣ። ሀውላ ቴስተሩን አየች። 190 ነው።

ሄድፎኑን አወለቁ። «ይሄ ሌላ ነገር ነው» አሉ፣ ቅንድባቸውን አጥብበው። «ወፍጮው ይዞራል፣ ግን ያነክሳል። ድምፁ ውስጥ በልክ በልክ የሚመጣ ማነከስ አለ። የብዙነሽ ሞተር የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። የመሣሪያ ቦርሳዬ የት ነው?»

ቦርሳው ለሦስት ዓመት አልተነካም። አቧራውን እንኳ ሳያራግፉ ይዘውት ወጡ። ወፍጮ ቤት ሲደርሱ አንድ ረጅም ጠመንጃ መፍቻ አወጡና ጫፉን በሚዞረው ሞተር ቅርፊት ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም አዳመጡ። ከዚያ ሞተሩን አስቁመው ከጎን በኩል ፈቱት። ኩሽኔታው ውስጥ ያሉት ድብልብል ብረቶች፣ ጥይት የሚሏቸው፣ ግማሾቹ ተበልተዋል። አንድ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ሞተሩ ይቃጠል ነበር።

«እኔ አጠገቡ ቆሜ ስውል ያልሰማሁትን አንተ ቤትህ ተቀምጠህ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«ሙሽሪት ነገረችኝ» አሉ አቶ አብዱልናስር።

አዲሱ ኩሽኔታ የሚገጠመው ማክሰኞ ጥቅምት 27 እንዲሆን ተስማሙ። መድኃኔዓለም ነው፣ ወፍጮው አይዞርም። «እኔ በመድኃኔዓለም ብሎን አልነካም» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ ዱቄታም ዓይናቸውን እየጠቀሱ፤ «አንተ ግን ማን ይከለክልሃል።» እሳቸውም ማክሰኞ ጠዋት ሄደው፣ በዓሉን አክብረው ወንበር ላይ የተቀመጡት እትዬ ብዙነሽ በጣታቸው እያመለከቷቸው፣ ገጠሙት።

ሀውላ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ስትመለስ አባቷ በቅባት የጠቆረ እጃቸውን ታጥበው አምፕሊፋየሩ ፊት ተቀምጠዋል። ስታብላይዘሩ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ያንጎራጉር እንደሆነ ያንጎራጉር ብለውታል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ እትዬ ብዙነሽ በእጃቸው የጻፉት የበዓላት ዝርዝር ተለጥፏል፤ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ እስከ መጨረሻው። ጥርጣሬ እንዳይኖር ነው ይላሉ።

«እንግዲህ ከአንድ እንጀምራለን» አሉ፣ እጃቸውን እያፋተጉ። «አራት ጥምረት፣ አሥራ ሁለት ቀን። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አናውቅማ። ካርቶንሽን አምጪ።»

ሀውላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የደበቀችው ነገር አሁን መውጣት ነበረበት። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ልዩነቱ ተሰምቶኝ አያውቅም። አንድ ቀንም። ዝም ብዬ ራሴን ስነቀንቅ ነው የከረምኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ጥቅምት 14 የሄድፎኑን ገመድ ሳልሰካው ነው የሰጠሁሽ። ረስቼው ነው። ምንም በሌለበት ዓይንሽን ጨፍነሽ ‹እንዴት ያምራል› አልሽ።»

ሀውላ ፊቷ ጋለ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁ ከሆዷ ፈንቅሎ መጣ፤ እሳቸውም ተከተሉ፤ ወይዘሮ ሐቢባ ከኩሽና ምን ሆናችሁ እስኪሉ ድረስ ሳቁ። «ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?» አለች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

አቶ አብዱልናስር ሙሽሪትን አንሥተው በመሐረባቸው ጠረጓት። «ሦስት ዓመት ብቻዬን ተቀምጬ ነበር» አሉ። «አንቺ በርጩማ አምጥተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። እኔ መቼ ማንኪያዋን ስሚልኝ አልኩሽ።»

ከዚያ ቫልቮቹን ሰጧትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እሷም ዕጣ አወጣች።